አቮካዶ በመንዝ ማዕድ

በዐቢይ ጾም ወደ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ስወጣ ከደብረ ብርሃን አምስት አቮካዶ ገዝቼ ለአክስቴ ይዤላት ሄድኩ። አንዱን በቢላ ዙሪያውን ቆርጬ ጠመዘዝኩትና ለሁለት ተላቀቀ፤ ፍሬውን አውጥቼ ሥጋውን በማንኪያ አቀመስኳት። ዝም ብላ አላመጠችው።

«አይጣፍጥ፣ አይኮመጥጥ። ይኼ ቅቤ ነው እንጂ ምኑ ፍሬ ነው?»

«ቅቤ ቢሆን ይዤልሽ እመጣ ነበር እትዬ? የጾም ነው» አልኳት።

ብድግ ብላ ጓዳ ገባች። ቃሪያና ሽንኩርት ከትፋ፣ ጨው ነስንሳ፣ ከአቮካዶው ጋር አሸችና ከምጣድ በወጣ የገብስ ቂጣ ላይ ቀባችው። ትኩሱ ቂጣ ሲነካው ይበልጥ ለሰለሰ። ሁለተኛውን ራሷ ቆረጠች።

አክስቴ በአንድ ጉርሻ የደረሰችበት ነገር ልክ ነው። አቮካዶ ከዛፍ ይለቀም እንጂ ለገበታ የሚሰጠው ጥቅም የቅባት ነው። በ100 ግራም አቮካዶ ውስጥ ስኳሩ 1 ግራም አይሞላም፤ ቅባቱ ግን 15 ግራም ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው በወይራ ዘይት ውስጥ የምናገኘው ዓይነት ነው፤ በቅቤና በጮማ ፋንታ ሲበላ መጥፎውን ኮሌስትሮል ይቀንሳል። ሆድ የሚያለሰልሰው አሰር፣ ማለትም ፋይበር፣ ወደ 7 ግራም ይደርሳል። ለደም ግፊት የሚጠቅመው ፖታሲየም 485 ሚሊ ግራም ነው፤ በዚህ የሚሞገሰው ሙዝ እንኳ 360 ገደማ ነው ያለው። ለነፍሰ ጡር የሚያስፈልገው ፎሌትም አለው።

ይህ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ደጋ ለምን ይጠቅማል? የደጋው ሰው ገብስ፣ ባቄላ፣ አተርና ምስር አለው፤ ጉልበትም ፕሮቲንም ከእነዚህ ያገኛል። ጾም ሲገባ የሚሳሳው ቅባቱ ነው። ወተቱና ቅቤው በአንድ ቀን ይቆማል፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ያን ጊዜ ማዕዱን የሚደግፈው በጀሪካን የሚገዛው ዘይትና ከማሳችን የምናገኘው ተልባ ነው። ተልባ በኦሜጋ 3 አቮካዶን በብዙ ስለሚበልጥ ቦታው አይነካበት። አቮካዶ ግን ሳይቆላ፣ ሳይወቀጥ፣ እሳት ሳይፈልግ ይበላል። በዚያ ላይ በካሮትና በጎመን ውስጥ ያለው፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር ያለ ቅባት በደንብ አይሰርጽም። ጎመኑ ላይ ግማሽ አቮካዶ መጨመር ጎመኑን ራሱን የበለጠ ጠቃሚ ያደርገዋል። ጥርስ ላላወጣ፣ ምግብ ለጀመረ ሕፃንም አጥሚቱ ላይ አሽቶ መጨመር ነው።

ጁስ ቤት ስኳር ፈስሶበት፣ ከማንጎና ከፓፓያ ጋር ተደራርቦ ስፕሪስ ሆኖ ሲቀርብ ያየ ሰው የከተማ ቅብጠት ቢመስለው አልፈርድበትም። ለእኔ ግን ስኳሩ ጥቅሙን ያበላሽበታል፤ ጨውና ሎሚ ይስማማዋል።

የማይችለውንም መናገር ያስፈልጋል። ፕሮቲኑ 2 ግራም ብቻ ስለሆነ ሽሮና ክክን አይተካም። ከእንስሳት ምግብ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ12 የለውም። ኩላሊቱን የሚታመም ሰው ደግሞ በፖታሲየሙ ምክንያት ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያዘውትረው።

የአቮካዶ የትውልድ አገር ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 በሐረርጌ ሂርናና በወንዶ ገነት እንደሆነ ተጽፏል። በክልላችን ዛሬ በጎጃም የቆጋ መስኖ ገበሬዎች ሃስ የተባለውን፣ ሲበስል ቆዳው የሚጠቁረውን ዝርያ ለውጭ ገበያ ያመርታሉ። መንዝ ላይ ግን ዛፉ አይሆንም። ከጥቅምት ጀምሮ የሚወርደው ውርጭ ለጋውን ችግኝ ያቃጥለዋል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር የሚደርሰው ከፍታም አይመቸውም። ከ1,500 እስከ 2,400 ሜትር ባለው፣ ውርጭ በማይነካው መሬት ይስማማዋል። ከመርሐቤቴ ደጋ ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ሲወረድ ቆላው ሳይደርስ የሚገኘው ወይና ደጋ በዚህ ልክ ውስጥ ነው፤ ውኃ ያለው ገበሬ ቢሞክረው ደስ ይለኛል። ከፍሬው የበቀለ ዛፍ ለማፍራት ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ እናቱንም ላይመስል ይችላል። የተዳቀለ ችግኝ ግን በ3 ወይም በ4 ዓመት ይደርሳል።

ለደጋው ሰው አንድ ጠባዩ ምቹ ነው። አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይበስልም፤ መለስለስ የሚጀምረው ከተለቀመ በኋላ ነው። ስለዚህ ጠንካራው ፍሬ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ፣ በሞላሌ አልፎ መሐል ሜዳ ድረስ ሳይጎዳ ይገባል። ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው፤ በመንዝ ብርድ መደብ ላይ ከተተወ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይሰነብታል። አክስቴ የቀሩትን ሦስቱን ገብስ ጆንያ ውስጥ ቀበረቻቸው። በአምስተኛው ቀን አውጥታ አንገታቸው አካባቢ በአውራ ጣቷ ጫን አለቻቸው፤ ሁለቱ በስለዋል፣ አንዱን መልሳ ቀበረችው።

እርስዎም ለጾም ወደ ደጋው ሲወጡ ለስላሳውን ትተው ጠንካራ ጠንካራውን ይግዙ። ከአንድ ሁለት ሙዝ ጋር እህል ውስጥ ከቀበሩት ደግሞ ቶሎ ይበስላል።