አስቸጋሪ ውሻ የት ይሠልጥን?

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ አበው። ብሂሉ የሚነገረው ስለ ታማኝነት ቢሆንም፣ የእንስሳት ባሕርይ ጥናት ከደረሰበት አንድ ቁም ነገር ጋር ይገጥማል። ውሻ የሚማረውን የሚማረው ከቦታው ጋር አያይዞ ነው። በግቢው ውስጥ ያዳበረውን ጠባይ ሌላ ስፍራ ተወስዶ ሲሠለጥን ይተወዋል ብሎ መጠበቅ ብዙ ጊዜ የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ጽሑፍ፣ እንግዳ ባየ ቁጥር የሚጮኸውንና የሚናከሰውን ውሻ በገዛ ቤቱ ማሠልጠን ስላለው ጥቅም፣ ሣይንሳዊ መሠረቱን እየመረመርን እንወያያለን።

ጉዳዩ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ አማካይነት ነው። በበሽታው በተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች መካከልም 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። የተናካሹ ውሻ ዕጣም ቢሆን አያምርም፤ ወይ ዕድሜ ልኩን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ወይ ጎዳና ላይ ይጣላል፣ ወይ ይገደላል።

ቦታና ትምህርት

ሩስያዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ በምግብ መፈጨት ላይ ላካሄደው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ምግብ መምጣቱን የሚያበሥር ምልክት የለመዱ ውሾች፣ ምልክቱ ብቻ ሲሰጣቸው ምራቅ ማመንጨታቸውን ያላነበበ ተማሪ አይኖርም። ብዙም የማይነገረው ግን እንግዳ ሰው ወደ ሙከራው ክፍል በገባ ጊዜ ይህ የተለመደ ምላሽ ይጠፋ የነበረ መሆኑ ነው። ውሻው ትኩረቱን ወደ እንግዳው ያዞራል። ፓቭሎቭም ይህን ክሥተት «ምንድን ነው?» የሚል ምላሽ ብሎ ሰይሞታል።

እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ማርክ ቡተንና ሮበርት ቦልስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አይጦች በአንድ ሣጥን ውስጥ አንድን ምልክት እንዲፈሩ አደረጉ። ቀጥሎም በሌላ ሣጥን ውስጥ ያንኑ ምልክት ያለ ምንም ጉዳት ደጋግመው ሲያቀርቡላቸው ፍርሃታቸው ከሰመ። ይሁን እንጂ አይጦቹ ወደ መጀመሪያው ሣጥን ሲመለሱ ፍርሃቱም አብሮ ተመለሰ። አሮጌው ትምህርት አልተፋቀም፤ አዲሱ የተማሩበትን ስፍራ ብቻ ይዞ ቆይቷል። በማሠልጠኛ ጣቢያ ጨዋ የሆነ ውሻ ከቤቱ በር ሲደርስ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ቢመለስ እንግዲህ ሊያስደንቀን አይገባም።

ከበሩ ሥር

ለመሆኑ ውሻው በበሩ ላይ የሚማረው ምንድን ነው? መጥሪያው ይደወላል፤ ውሻው ይጮኻል፤ ቆጣሪ አንባቢው ወይም ቆራሌው ዞሮ ይሄዳል። ሰውየው የሄደው ጉዳዩን ጨርሶ ነው፤ ውሻው ግን በጩኸቱ ያባረረው ያህል ይማራል። ይህ ትምህርት በየቀኑ ይደገማል።

የቤተሰቡም ድርሻ አለ። እናት «ዝም በል» ሲሉት፣ ዘበኛው «ጎበዝ» ይለዋል፤ ልጆች ደግሞ ሲዘልልባቸው ዳቦ ይቆርሱለታል። ቻርልስ ፈርስተርና ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት እንዳሳዩት፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሸለም ድርጊት ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይልቅ ለመክሰም ያስቸግራል። ይህን የቤት ውስጥ አለመግባባት በሩቅ ያለ አሠልጣኝ አያየውም፤ ቤት ድረስ የመጣ ግን በአንድ ጉብኝት ሊያስተውለው ይችላል።

አሠራሩ

ዘዴው ሥሩ ጥልቅ ነው። ሜሪ ከቨር ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1924 ጥንቸል የሚፈራን ሕፃን የሚወደውን ምግብ እያበላች፣ ጥንቸሏን በጥቂት በጥቂቱ ወደ እርሱ በማቅረብ ፍርሃቱን አስወግዳለታለች። ለውሻም መንገዱ ይኸው ነው። በመጀመሪያ ውሻው መቼ፣ በማንና በምን ያህል ርቀት እንደሚቆጣ ይመዘገባል። ቀጥሎ እንግዳው ውሻው አይቶት በማይጮኽበት ርቀት ይቆማል፤ በዚያች ቅጽበት ቁራጭ ሥጋ ይሰጠዋል። በሚቀጥሉት ቀናት ርቀቱ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ውሻው ከጮኸ እርምጃው ስለ በዛ ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። ልምምዱ አጭር ሆኖ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ዓይነት ቃል ተራ በተራ ያከናውነዋል።

ዱላስ? የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መግለጫ፣ የባሕርይ ችግር ያለባቸው ውሾች ጭምር በሽልማት ብቻ እንዲሠለጥኑ መክሯል። በማጉረምረሙ የተደበደበ ውሻ ማስጠንቀቂያውን ትቶ በቀጥታ ወደ መንከስ ሊያልፍ ይችላል።

«ታዲያ ዘበኝነቱን አያጣም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሥልጠናው ግብ ውሻውን ዲዳ ማድረግ አይደለም። እንግዳ መምጣቱን ጮኾ አስታውቆ፣ ባለቤቱ ሲያዝዘው ዝም የሚል ውሻ ከማንም የተሻለ ጠባቂ ነው።

ሥልጠና የማይተካው ነገርም አለ። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ ሕመም ወይም የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ከአሠልጣኝ በፊት የእንስሳት ሐኪም ሊያየው ይገባል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላልና።

አሠልጣኝ ለመጥራት አቅም የሌለው ቤተሰብም በእጁ ያለው ጥቂት አይደለም። ሥልጠናው የሚጠይቀው ቁራጭ ምግብ፣ ትዕግሥትና በቤተሰቡ መካከል ስምምነት ነው። ከሦስቱ ለማግኘት የሚያስቸግረው የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም፤ ከእርሱ መጀመርም ይበጃል።