ቁመቱ ያስመለሰው ላይንባከር

በአሜሪካ ፉትቦል የሚከላከለው ቡድን 11 ሰው ያሰልፋል። ከፊት፣ ኳሱ ያረፈበት መስመር ላይ፣ እጃቸውን መሬት አስነክተው የሚያጎነብሱ ግዙፎች አሉ። ከኋላ ርቀው ደግሞ ኳስ ተቀባዮችን እግር በእግር የሚከተሉ ፈጣኖች ይቆማሉ። በሁለቱ መካከል፣ ከኳሱ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ የሚጠብቀው ተጫዋች ላይንባከር ይባላል። ለእግር ኳስ ተመልካች የሚቀርበው ተከላካይ አማካዩ ነው። ተጋጣሚ ኳሱን ይዞ ሊሮጥ ከመጣ፣ ላይንባከሩ ከተጋጣሚ ግዙፎች ጋር ተጋፍቶ ሯጩን መጣል አለበት። ኳሱ በአየር ከተወረወረ ደግሞ ዞሮ ከተጋጣሚ ፈጣኖች ጋር መሽቀዳደም ይጠበቅበታል። ሁለቱንም የሚችል ሰው በቀላሉ ስለማይገኝ ክለቦች ላይንባከር ፍለጋ ሲወጡ ሜትርና ሚዛን ይዘው ነው። የሚፈለገው ሰው 1 ሜትር ከ88 ገደማ ቁመት፣ 109 ኪሎ ገደማ ክብደት ያለው ነው።

ሳም ሚልስ 1 ሜትር ከ75 ነበር። ከኮሌጅ ሜዳ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ የሚወስደውን መንገድ ለማወቅ የሱን ታሪክ ከመከተል የተሻለ ዘዴ አላውቅም። መንገዱ ማንን እንደሚያሳልፍ ብቻ ሳይሆን ማንን እንደሚመልስ፣ ለምን እንደሚመልስም ያሳያልና።

ሚልስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1959 በኒው ጀርሲ ግዛት ኔፕቱን በምትባል ከተማ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ያደገው በባሕር ዳርቻዋ ሎንግ ብራንች ነበር። የአውሮፓ የእግር ኳስ ክለቦች ታዳጊዎችን በራሳቸው አካዳሚ ኮትኩተው ያሳድጋሉ። የአሜሪካ ፉትቦል ክለቦች ግን ይህን ሥራ ለዩኒቨርሲቲዎች ትተውታል። አንድ ወጣት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ሦስት ዓመት ካልሞላው ኤን ኤፍ ኤል፣ ማለትም ፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ አይቀበለውም። እነዚያን ዓመታት የሚያሳልፈው ለኮሌጅ እየተጫወተ ነው። ኮሌጆቹ ታዲያ እኩል አይደሉም። እንደ ሚሺጋን ያሉት ከ100 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም አላቸው፤ ተጫዋቾቻቸውን ሙሉ ወጪ ችለው ያስተምራሉ፤ የኤን ኤፍ ኤል መልማዮችም ከሜዳቸው አይጠፉም። በታችኛው፣ በሦስተኛው ዲቪዥን ያሉት ደግሞ በስፖርት ችሎታ ብቻ የነጻ ትምህርት ዕድል አይሰጡም። ተማሪው ፉትቦል የሚጫወተው ስለሚወደው ነው።

ሚልስ የተጫወተው በዚህ በታችኛው ዲቪዥን፣ በሞንትክሌር ስቴት ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ 501 ጊዜ ተጋጣሚ በመጣል የትምህርት ቤቱን ክብረ ወሰን ያዘ፤ በአንድ ጨዋታ ብቻ 22 ጊዜ የጣለበት ቀን አለ። ይህን ቁጥር ያዩ መልማዮች ሁለት ነገር አሉ። አንደኛ፣ የጣላቸው ልጆች ደካሞች ናቸው። ሁለተኛ፣ አጭር ነው።

ከኮሌጅ ወደ ሊጉ የሚያስገባው ዋናው በር ድራፍት ነው። ድራፍት በ1936 ተጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ክለብ ቀድሞ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ላይ ይመርጣል። ሀብታሙ ክለብ ምርጥ ምርጡን እየገዛ እንዳያከማች የታሰበ ነው፤ በእኔ እምነት የአሜሪካ ስፖርት ካፈለቃቸው ሐሳቦች ሁሉ ፍትሐዊው ይሄ ነው። ዛሬ 32 ክለቦች በኤፕሪል መጨረሻ በሰባት ዙር 260 ያህል ተጫዋች ይመርጣሉ። በሚልስ ጊዜ ክለቦቹ 28፣ ዙሮቹ 12 ነበሩ።

የ1981ዱ ድራፍት ለላይንባከሮች ወርቃማ ነበር። የኒውዮርክ ጃይንትስ ከኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሎውረንስ ቴይለርን በሁለተኛ ቁጥር ወሰደ። በሁለተኛው ዙር የቺካጎ ቤርስ ማይክ ሲንግልተሪን፣ የኒው ኦርሊንስ ሴንትስ ደግሞ ሪኪ ጃክሰንን መረጠ። ሦስቱም የኋላ ኋላ ኦሃዮ ካንተን ከሚገኘው የፉትቦል የዝና አዳራሽ ገብተዋል። በዚያ ድራፍት ከ330 በላይ ስም ተጠራ። የሚልስ ስም ግን አልተጠራም።

መልማዮች ሰነፎች ነበሩ ማለቴ አይደለም። የሚለኩትን ጠንቅቀው ለክተዋል። ዛሬም በየፌብሩዋሪው መጨረሻ ከ300 በላይ የኮሌጅ ተጫዋቾች ኢንዲያናፖሊስ ላይ ኮምባይን ለሚባለው ፈተና ይሰበሰባሉ። 40 ያርድ፣ ማለትም 37 ሜትር ገደማ፣ በስንት ሰከንድ እንደሚሮጡ ይታያል። 102 ኪሎ ብረት ደረታቸው ላይ እያወረዱ ስንት ጊዜ እንደሚያነሱ ይቆጠራል። ዝላያቸው፣ የክንዳቸው ርዝመት፣ የመዳፋቸው ስፋት ሳይቀር ይመዘገባል። ይህ ሁሉ ጠቃሚ መረጃ ነው። የላይንባከር ዋና ሥራ ግን ማንበብ ነው፤ ንባብ ደግሞ በሜትርም በሰዓትም አይለካም።

አንድ ቅጽበት ቀረብ ብለን እንየው። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች፣ ትእዛዙን እየጮኸ ነው። ላይንባከሩ ዓይኑን ኳሱ ላይ አይተክልም። የሚያየው ኳሱን ከመሬት አንስቶ ከሚያቀብለው ተጫዋች ግራና ቀኝ ካጎነበሱት የተጋጣሚ ግዙፎች አንዱን፣ ጋርድ የሚባለውን ተጫዋች ነው። መሬት የነኩት ጣቶቹ ተጭነው ደም ከሸሻቸው ክብደቱን ወደ ፊት ጥሏል፤ ሊገፋ ተዘጋጅቷል፤ የሚመጣው ሩጫ ሳይሆን አይቀርም። ክብደቱ ተረከዙ ላይ ካረፈ ደግሞ ሊያፈገፍግ ነው፤ ኳሱ ሊወረወር ይችላል። ኳሱ ሲነሳ የጋርዱ ራስ ቁር ወዴት ሄደ? ወደ ታች ከሆነ ሩጫ፣ ቀና ካለ ውርወራ። ጋርዱ ቦታውን ለቆ ወደ ጎን ከሮጠም ሯጩ ከኋላው እየመጣ ነውና ላይንባከሩ በዚያው አቅጣጫ መቅደም አለበት። ይህ ሁሉ ከግማሽ ሰከንድ አይበልጥም። በዚያ ላይ ተጋጣሚ ሆን ብሎ የሐሰት ምልክት ይሰጣል። ዘግይቶ ያነበበ ላይንባከር የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ሯጩን ከኋላው ነው የሚያየው። ቀድሞ ያነበበ ግን ዘገምተኛም ቢሆን ቦታው ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

የሚልስ ተሰጥዖ ይህ ነበር። የተጋጣሚን የቀደሙ ጨዋታዎች በፊልም ደጋግሞ ያጠናል፤ ሜዳ ላይ የጓደኞቹን ቦታ ጠርቶ የሚያስተካክለውም እሱ ነው። ያ እንደ ጉድለት የተቆጠረበት ቁመት ደግሞ ግጭቱ ላይ ሲደረስ ይጠቅመው ነበር። በፉትቦል ፍልሚያ ትከሻውን ከተጋጣሚው ትከሻ በታች ያስገባ ሰው ጉልበቱን ከታች ወደ ላይ ስለሚያወጣ ከሱ የሚበልጠውን ሰው ከመሬት ይነቅላል። ረጅሞቹ ለዚህ ወገባቸውን መስበር አለባቸው። ሚልስ ግን ሲቆምም እዚያው ነው። ጓደኞቹ በፍቅር «የሜዳ አይጥ» ይሉት ነበር።

በ1981 የክሊቭላንድ ብራውንስ ለሙከራ ጠራው፣ ከዚያም አሰናበተው። በተከታዩ ዓመት ወደ ካናዳ ሊግ ሄዶ በቶሮንቶ አርጎኖትስ ሞከረ፤ እዚያም ተመለሰ። የእንጀራ ነገር ነውና በኒው ጀርሲ ኢስት ኦሬንጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። የሚያስተምረው ፎቶግራፍ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱን የፉትቦል ቡድን ያግዛል። የብዙዎች ታሪክ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። የሱ ያላበቃው ብርቱ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። ሌላ በር ስለተከፈተ ነው።

በ1983 ዩ ኤስ ኤፍ ኤል የሚባል አዲስ ሊግ በፀደይ ወራት መጫወት ጀመረ። አዲስ ሊግ ማለት በመቶዎች የሚቆጠር አዲስ የሥራ ቦታ ማለት ነው። ሚልስን ያሰናበተው የብራውንስ አሠልጣኝ ሳም ሩቲግሊያኖ ራሱ ለፊላደልፊያ ስታርስ ኃላፊ ለካርል ፒተርሰን ልጁን እንዲያየው ጠቆመው። ስላሰናበተው ሰው መልካም ቃል የሚናገር አሠልጣኝ ክብር ይገባዋል። የስታርስ አሠልጣኝ ጂም ሞራ መጀመሪያ ቁመቱን አይቶ ተጠራጠረ፤ ልምምድ ከተጀመረ በኋላ ግን ጥርጣሬው አልዘለቀም። ስታርስ በሦስቱም ዓመት ለፍጻሜ ደረሰ፤ በ1984 እና በ1985 ዋንጫውን አነሳ።

ሊጉ ራሱ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ኤን ኤፍ ኤልን ገበያውን ብቻዬን ልያዝ ብሏል ሲል ከሰሰ፣ በ1986 ረታም፤ የተፈረደለት ካሣ ግን አንድ ዶላር ነበር፤ በሕጉ መሠረት በሦስት ተባዝቶ ሦስት ዶላር ሆነ። ሊጉ ፈረሰ። ሞራ በዚያው ዓመት የኒው ኦርሊንስ ሴንትስ አሠልጣኝ ሲሆን ሚልስን ይዞት ሄደ። ዕድሜው 27 ሆኖ ነበር፤ እኩዮቹ እነቴይለር በኤን ኤፍ ኤል አምስት ዓመት ተጫውተዋል።

ሴንትስ በ1967 ከተመሠረተ ጀምሮ ካሸነፈው የተሸነፈው ያላነሰበት፣ አንድም ዓመት አትርፎ የማያውቅ ክለብ ነበር። በ1987 ግን 12 አሸንፎ ሦስት ብቻ ተሸነፈ። የለውጡ ዋልታ አራቱ ላይንባከሮች ነበሩ፦ ሚልስ፣ ቮን ጆንሰን፣ ፓት ስዊሊንግና ያ በ1981 በሁለተኛው ዙር የተመረጠው ሪኪ ጃክሰን። የሚጫወቱበት ስታዲየም በጣሪያ የተሸፈነው ሱፐርዶም ስለነበር «የዶሙ ጠባቂዎች» ተባሉ። በ1992ቱ ውድድር ዓመት አራቱም በአንድ ላይ ለሊጉ ኮከቦች ጨዋታ ተመረጡ። ከአንድ ክለብ አራት ላይንባከር!

በ1995 አዲስ የተቋቋመው ካሮላይና ፓንተርስ ሚልስን አስፈረመ። ፓንተርስ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች ተሸነፈ። ኦክቶበር ላይ ከኒውዮርክ ጄትስ ጋር ሲጫወት ኳርተርባኩ በጭንቅ አጠገቡ ላለ ጓደኛው የገፋትን አጭር ኳስ ሚልስ መሐል ገብቶ ቀለበና 36 ያርድ ሮጦ ነጥብ አስቆጠረ። ክለቡ በታሪኩ የመጀመሪያውን ድል በዚያ ቀን አገኘ። በተከታዩ ዓመት ከሱፐር ቦውል፣ ማለትም ከሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ አንድ ጨዋታ ቀርቶት ቆመ። ሚልስ 37 ዓመቱ ነበር፤ ለኮከቦች ጨዋታም ለአምስተኛ ጊዜ ተመረጠ። በ1997 ጫማውን ሲሰቅል በኤን ኤፍ ኤል 12 ዓመትና 181 ጨዋታ ነበረው።

እዚያው የላይንባከሮች አሠልጣኝ ሆኖ ቀረ። በ2003 የአንጀት ካንሰር እንዳለበት ተነገረው። ኬሞቴራፒ እየወሰደ፣ አቅም ባገኘ ቁጥር ልምምድ ሜዳ ላይ እየተገኘ ሥራውን ቀጠለ። በጃንዋሪ 2004 ፓንተርስ ከዳላስ ካውቦይስ ጋር ከሚያደርገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ በፊት ለተጫዋቾቹ ንግግር አደረገ፤ በሽታውን በሰማ ቀን ከመተውና ከመታገል መታገልን እንደመረጠ ነግሯቸው፣ መምታታቸውን እንዳያቆሙ አደራ አላቸው። ቡድኑ አሸነፈ፤ እስከ ሱፐር ቦውልም ደረሰ፤ እዚያ በኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ 32 ለ29 ተሸነፈ። ሚልስ በኤፕሪል 2005 በ45 ዓመቱ አረፈ። ክለቡ 51 ቁጥር ማሊያውን ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይለብሰው ወሰነ፤ ያቺን አደራም መፈክሩ አደረጋት።

የዝና አዳራሹ በር የተከፈተለት በ2022 ነበር፤ በዚያ ዓመት ባይመረጥ ኖሮ በመደበኛው መንገድ የመታጨት ጊዜው ያበቃ ነበር። በኦገስት ካንተን ላይ ንግግሩን ያደረገችው ባለቤቱ ሜላኒ ነበረች።

ዛሬ ከትንሽ ኮሌጅ የሚመጣ አጭር ላይንባከር ሁለተኛ ሊግ መጠበቅ አይኖርበት ይሆናል። ድራፍቱ ባለቀ በሰዓታት ውስጥ ክለቦች ላልተመረጡት ስልክ ይደውላሉ። በበጋው ልምምድ ተፎካክሮ ከ53ቱ የመጨረሻ ስም ውስጥ መግባት፣ ያ ባይሆን በልምምድ ጓድ ውስጥ ደመወዝ እየተከፈለው ተራውን መጠበቅ ይቻላል። ብዙዎቹ መጀመሪያ ሜዳ የሚገቡት ኳስ ተመትቶ ሲላክ ሮጦ በመከላከል፣ ማንም በማይመኘው ሥራ ነው። ለንደን ፍሌቸር የተባለ ላይንባከር ይህን መንገድ አሳይቷል። 1 ሜትር ከ78 ነው፤ በሦስተኛው ዲቪዥን በኦሃዮው ጆን ካሮል ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ በ1998 ድራፍት ማንም ሳይመርጠው የሴንት ሉዊስ ራምስን ተቀላቀለ። በሁለተኛ ዓመቱ ሱፐር ቦውል አሸነፈ። የመጨረሻዎቹን ሰባት ዓመታት፣ ከ2007 እስከ 2013፣ የተጫወተው ለዋሽንግተን ነበርና በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ አንባቢዎች ሳያዩት አይቀሩም፤ 59 ቁጥር ለባሹ እሱ ነበር። በ16 ዓመት ውስጥ 256 ጨዋታ ተጫወተ፤ አንድም አላመለጠውም።