የታጠፈው የፓራውልት መያዣ ይቃና ወይስ ይለወጥ?

ከገዳሪፍ ተነሥቶ በዶካ በኩል ወደ ገላባትና ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ በክረምት ወራት ሁለት መልክ አለው። አስፋልቱን ሳይለቅ የሚጓዝ ሾፌር እምብዛም አይቸገርም። ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ እርሻዎቹ ወይም እንደ ኡም ራኩባ ወዳሉት የስደተኞች መጠለያዎች የሚያመራው ግን ከጥቁሩ አፈር ጋር ይገናኛል። ሱዳኖች ባዶባ የሚሉት ይህ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ሲሆን፣ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፤ ጎማ ይይዛል፤ የያዘውንም በቀላሉ አይለቅም። ያን ጊዜ ትራክተር ይጠራል፣ ሰንሰለት ይመጣል። ሰንሰለቱም ብዙውን ጊዜ የሚታሰረው ለእጅ በሚቀርበው ብረት፣ ማለትም በፊት ፓራውልቱ ላይ ነው።

ትራክተሩ ሲጎትት መኪናው ከጭቃው ይወጣል። ፓራውልቱ ተነቅሎ ባይወድቅም እንኳ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት መያዣ ብረቶች ይሳባሉ፣ ይጣመማሉ። በግጭት የተጎዳ መኪና መያዣው ወደ ኋላ የታጠፈ ሲሆን፣ በሰንሰለት የተጎተተው ግን ወደ ፊትና ወደ አንድ ጎን ይዘማል። ስለዚህ ልምድ ያለው መካኒክ የአደጋውን ታሪክ ከብረቱ ላይ ያነብበዋል። ሾፌሩ «በቆመበት ሌላ መኪና ገጨው» ብሎ ለባለንብረቱ ያመለከተ እንደሆነ ግን መካኒኩ አይቶ ዝም ማለትን ይመርጣል።

በዚህ አካባቢ ትራክተርና ካሚዮን ለምን በዛ ቢባል ምክንያቱ እርሻው ነው። ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ ከተማ ናት። የባቡር ሐዲድ ከከሰላ በኩል የደረሳት በ1920ዎቹ መግቢያ ሲሆን፣ በትራክተር የሚታረሰው ሰፊ እርሻ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በ1937 ዓ.ም. ገደማ፣ ገደምባሊያ በተባለው ሥፍራ ተጀመረ። የጀመሩት እንግሊዞች ሲሆኑ ዓላማቸውም በምሥራቅ አፍሪካ ለሰፈረው ጦር ቀለብ ማምረት ነበር። ካሚዮኑም፣ ጋራዡም፣ በያጁም የተከተሉት ያንን እርሻ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ የመለዋወጫ ነገር ይበልጥ ከብዷል። በሰሜን ካርቱም የሚገኘው የኢንዱስትሪ ሠፈር ክፉኛ ተጎድቷል። ወደ ገዳሪፍም እጅግ ብዙ ተፈናቃይ ገብቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ «አዲሱን መያዣ ገዝተህ ግጠም» የሚለው ምክር ከመጽሐፍ ውጭ ብዙም አይሠራም። ቤድፎርድን ለመሰሉ አሮጌ ካሚዮኖችማ በዚያ ስም የሚሠራ ፋብሪካ ከቀረ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ ጥያቄው ወደ በያጁ ይመጣል። ይቃና ወይስ በአዲስ ብረት ይሠራ?

መልሱን ከመስጠት በፊት የመያዣውን ተግባር ማወቅ ይገባል። ከፓራውልቱ በስተኋላ ጥቂት ስንዝር ያህል ርቆ ራዲያተሩ አለ። በቀኝና በግራ የፊት ጎማዎቹ ይዞራሉ። ከመያዣዎቹ አንደኛው ሲታጠፍ የፓራውልቱ ጫፍ ወደ ኋላ ይገባል። ቀጥ ባለው የገዳሪፍ ሜዳ ላይ ይህ ለሾፌሩ አይታወቀውም። መኪናው ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ጎንደር የሚያወጣውን ዳገት ሲጀምርና በጠመዝማዛው ላይ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ግን ጎማው ከብረቱ ጋር ይነካካል። አንድ ጊዜ ቢነካ ምንም አይደለም። በየመታጠፊያው ሲነካ ግን ብረቱ ጎማውን እየፋቀ ክሩን ያጋልጠዋል። ሰው በጫነ መኪና የፊት ጎማ በገደል አፋፍ ላይ ቢፈነዳ የሚደርሰውን ለሾፌር መንገር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ብዙ ሾፌሮች፣ በያጆችም ጭምር፣ የሚስቱት አንድ ነገር አለ። መያዣው ደካማ ስለሆነ ታጠፈ ይላሉ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ መያዣው የታጠፈው ሥራውን ስለ ሠራ ነው። ምቱን በራሱ ላይ ተቀብሎ ታጥፏል፤ ሻንሲውንም አድኗል። የታጠፈ መያዣ በግማሽ ቀን ይሠራል። የተጣመመ ሻንሲ ግን የመሪውን ልክ ያበላሻል፣ ጎማ ያለ ጊዜው ይበላል፣ መኪናውንም ወደ አንድ ጎን እያዘመመ ዕድሜ ልኩን ያስቸግራል።

ይህን ካለመገንዘብ የተነሣ «ዳግመኛ እንዳይታጠፍ» ተብሎ ከተሰበረ ባሌስትራ ተቆርጦ የሚሠራ መያዣ አለ። ባሌስትራ ጠንካራ ብረት መሆኑ እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ በተራ ትራፓኖ በቀላሉ አይበሳም፤ ሲበየድ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል፤ በእሳት ግሎ ውሃ ከነካው ደግሞ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ሳይሰበር ቢቀር እንኳ የግጭቱን ኃይል ሳይቀንስ ለሻንሲው ያስተላልፋል። ከዚህም የባሰው ቡሎኑን ትቶ ፓራውልቱን ከሻንሲው ጋር በብየዳ ማጣበቅ ነው። እንዲህ የተደረገበትን መኪና በሚቀጥለው ግጭት የሚረከበው ባለሙያ ሻንሲውን ሳይቆርጥ ሥራውን አይጨርስም።

ምርመራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። መኪናው በተስተካከለ መሬት ላይ ይቁም። ከፓራውልቱ ጫፍ እስከ ፓራፋንጎው ያለው ርቀት በሁለቱም በኩል በሜትር ይለካ። ከዚያም መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይዙርና በጎማውና በብረቱ መካከል እጅ መግባት አለመግባቱ ይታይ። ኮፈኑ ሲዘጋ በሁለቱ ጎን ያለው ክፍተት እኩል ካልሆነ ጉዳቱ ከመያዣው አልፎ ወደ ውስጥ ዘልቋል ማለት ነው። መሪያቸው በቀኝ በኩል የሆነ አሮጌ ካሚዮኖች በተለይ የግራ ጎናቸው ይመርመር። ሱዳን በ1965 ዓ.ም. የመኪና ጉዞን ከግራ ወደ ቀኝ ስታዛውር (ኢትዮጵያ ይህን ያደረገችው በ1956 ዓ.ም. ነው) በእነዚህ መኪኖች ከፊት የሚመጣው ተሽከርካሪ የሚያልፈው ከሾፌሩ ራቅ ባለው በግራ በኩል ሆኗል። ሾፌሩ የማያየው ጫፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይነካል።

መያዣው ከተፈታ በኋላ ቀለሙና ዝገቱ ተፍቆ ይታጠብ። ከዚያም የታጠፈበት ቦታ ላምባ ይቀባና ጥቂት ቆይቶ በጨርቅ ይወልወል። በላዩ ላይ ጠመኔ ሲቀባ ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ላምባ ወጥቶ በነጩ ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። ይህ ዘዴ አሮጌ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን አላሳፈረም። ስንጥቅ የታየበት መያዣ አይቃናም፣ አይበየድም፤ ይጣላል። ቀደም ሲል አንድ ጊዜ ተቃንቶ በዚያው ቦታ የታጠፈም እንዲሁ ነው። ብረት በታጠፈበት ሥፍራ እየደደረ ስለሚሄድ በተመላለሰ ቁጥር ወደ መሰበር ይቀርባል። ሽቦ በእጁ እያመላለሰ የበጠሰ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ስንጥቅ የሌለበትና ለመጀመሪያ ጊዜ የታጠፈ ወፍራም መያዣ ግን ሊቃና ይችላል። ቀላል ከሆነ በሞርሳ ተይዞ በብርዱ ቀስ በቀስ ይመለስ። ጠንከር ካለ በኦክሲጅን እሳት እንደ በሰለ በርበሬ እስኪቀላ ይጋል፤ በመዶሻ ሲቃና ብዙ ከመደብደብ ጥቂት ግን በቦታው መምታት ይሻላል። ከዚያ በኋላ በራሱ ይብረድ። ትዕግሥት ያጣ ረዳት ባልዲ ውሃ ይዞ ሲመጣ መከልከል የባለሙያው ፈንታ ነው።

አዲስ መሥራት የግድ ሲሆን ከሁሉ የሚሻለው አብነት ያልተጎዳው የሌላው ጎን መያዣ ነው። ቅርጹ በካርቶን ላይ ይነሣና ካርቶኑ ይገልበጥ። ግራው ለቀኝ፣ ቀኙ ለግራ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ ካርቶኑን ሳይገለብጥ የቆረጠ ሁለት የግራ መያዣ ይዞ ይቀራል። ብረቱ ተራ ለስላሳ ብረት ሆኖ ውፍረቱ ከነባሩ ጋር እኩል ይሁን። በፓራውልቱ በኩል ያለው ቀዳዳ ሞላላ ቢደረግ በሚገጠምበት ጊዜ ወደዚህና ወደዚያ ለማስተካከል ያመቻል። የተሳቡ ቡሎኖች አይመለሱ፤ በአናታቸው ላይ 8.8 የሚል ምልክት ያለባቸው ይመረጡ።

ስለ አዳዲስ ትናንሽ መኪኖች አንድ ቃል ማከል ይገባል። በእነዚህ ላይ ከፓራውልቱ ጀርባ ያለው መያዣ ከስስ ላሜራ የተሠራ፣ በግጭት ጊዜ እንዲጨማደድ የታቀደ ሳጥን ነው። ተጨማድዶ በመዶሻ የተመለሰ ሳጥን ለዓይን ቀጥ ቢል በሁለተኛው ግጭት የታሰበለትን አይሠራም፤ መለወጥ አለበት። ተሳፋሪን የሚያድነው የአየር ከረጢት የተገጠመበት መኪና ከሆነ ደግሞ ከፊቱ ላይ መዶሻ ከማንሣት በፊት ባትሪው ተፈትቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ።

በገዳሪፍና በከሰላ ጋራዦች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በስደት የሄዱ መካኒኮች ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። የኡም ራኩባ መጠለያ መጀመሪያ የተከፈተው በ1968 ዓ.ም. ሲሆን፣ ተዘግቶ ቆይቶ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ዳግመኛ ተከፍቷል። በእነዚህ መካኒኮች አፍ የአንድ ዕቃ ስም ሁለት ነው። እኛ ከጣሊያን የወሰድነውን ፓራውልት ሱዳኖች ሰዳም ይሉታል፤ ቡሎኑ መስማር፣ ዳዶው ሳሙላ፣ ጋራዡም ወርሻ ነው። አንድ ረዳት «ዳዶ አምጣ» ሲባል ቆሞ፣ «ሳሙላ» ሲባል የሚሮጥበት ጊዜ አለ። ብረቱ ግን በሁለቱም ስም ያው ብረት ነው።

ወደ ጭቃው እንመለስ። የወታደር መኪና የሚነዳም ሆነ የንግድ ካሚዮን ሾፌር ከፊት ለፊት ከሻንሲው ጋር በቀጥታ የተያያዘውን መጎተቻ መንጠቆ አስቀድሞ ይፈልግ። ብዙ ጊዜ በጭቃ ተሸፍኖ ከፓራውልቱ ሥር ይገኛል። ሰንሰለቱ የሚታሰረው በእርሱ ላይ ነው። ከመጎተት በፊት በጎማዎቹ ፊት ያለው ጭቃ በአካፋ ይጠረግ፤ የማሽላ አገዳ ወይም ጭራሮ ይነጠፍ። ትራክተሩ በድንገት አይነሣ፤ ሰንሰለቱ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይወጠር። የተበጠሰ ሰንሰለት እንደ አለንጋ ስለሚመለስ ተሳፋሪዎቹ ወርደው ከሰንሰለቱ ርዝመት በላይ ራቅ ብለው ይቁሙ።