አባዬ፣ እኔና የ1977ቱ ዶቅዶቄ

ቤታችን ቶሮንቶ ውስጥ ከዳንፎርዝ ጎዳና ብዙም አይርቅም። ጓሮው ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለች፤ መኪና ግን አይገባባትም። ቦታውን የያዘችው አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ናት። አባዬ "ዶቅዶቄ" ይላታል። ይህ የድሮ ቃል ከሞተር ድምፅ የመጣ ነው፦ ዶቅ ዶቅ ዶቅ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህች ዶቅዶቄና አባዬንና እኔን ስላከራከረን አንድ ጥያቄ ነው።

ሙሉ ስሟ ትራያምፍ ቦኔቪል ሲልቨር ጁቢሊ ነው። በ1977 የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት የነገሡበት 25ኛ ዓመት ተከበረ። የትራያምፍ ፋብሪካም ለመታሰቢያ ቁጥራቸው የተወሰነ ሞተሮች ሠራ። መጀመሪያ የታሰበው 1,000 ብቻ ነበር። በኋላ ለአሜሪካ ሌላ 1,000፣ ለካናዳና ለሌሎች አገሮች ደግሞ ጥቂት መቶ ተጨመሩ። ቀለማቸው ብርማ ነው፤ ቀይና ሰማያዊ መስመር አላቸው። መቀመጫቸውም ሰማያዊ ነው።

የሠሯቸው ሰዎች ታሪክም ሊነገር ይገባል። ሜሪደን በሚባል ቦታ የነበረው ፋብሪካ ሊዘጋ ሲል ሠራተኞቹ "አንለቅም" ብለው ያዙት። በ1975 የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ሥራውን ቀጠሉ። በ1983 ግን ፋብሪካው ተዘጋ። ትራያምፍ ዛሬም አለ፤ የሚሠራው ግን በሌላ ፋብሪካ ነው። ከሜሪደን አዲስ ሞተር አይወጣም፤ ያሉትን መጠበቅ ብቻ ነው።

አባዬ ንግሥቲቱን በዓይኑ አይቷቸዋል። በ1957 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1965) ኢትዮጵያን ሲጎበኙ እሱ ትንሽ ተማሪ ነበር። አዲስ አበባ መንገድ ዳር ቆሞ ባንዲራ አውለብልቧል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሽማግሌ ይህችን ሞተር ሲሸጡ ያየ ጊዜ ማለፍ አልቻለም። ገዛት። ለብዙ ዓመታት ቆማ ስለነበር አትነሣም ነበር።

መጀመሪያ ያየነው ቁጥሯን ነው። ሞተሩ ላይና ሻንሲው ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። አንድ ሆኖ ስናገኘው ደስ አለን። ከዚያ መፍታት ጀመርን። ከመፍታታችን በፊት ፎቶ እናነሣለን። እያንዳንዱን ብሎን በትንሽ ፌስታል አድርገን ከየት እንደወጣ እንጽፍበታለን። የምንጠቀመው በኢንች የሚለካ መፍቻ ነው፤ የሚሊሜትር መፍቻ የብሎኑን ጭንቅላት ያበላሻል። ባትሪዋም ለየት ይላል። በዛሬ ሞተሮች ከሻንሲው ጋር የሚገናኘው ኔጌቲቩ ነው፤ በእሷ ግን ፖዘቲቩ ነው። ይህን ሳያውቅ የሚያገናኝ ሰው የኤሌክትሪክ ዕቃዋን ሊያቃጥል ይችላል።

እግረ መንገዴን አማርኛም ተማርኩ። አባዬ ወጣት ሳለ ጋራዥ ውስጥ ሠርቷል። "ልጄ፣ ካንዴላዋን አቀብዪኝ" ሲለኝ ግራ ገባኝ። ካንዴላ ብልጭታ ሰጥታ ቤንዚኑን የምታቀጣጥለው ዕቃ ናት። ፍሪሲዮን ማርሽ ስንቀይር በግራ እጃችን የምንጨብጠው ነው። ማርሚታ ጭሱ የሚወጣበት ቱቦ ነው። ሦስቱም ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያናዊው ጎረቤታችን አባዬ "ካንዴላ" ሲል ሰምተው ሳቁና መጥተው አብረውን ቆሙ።

ክርክሩ የመጣው በመጨረሻ ነው። የቤንዚን ታንኩ ቀለም ደብዝዟል። የቀድሞው ባለቤት ጉልበት ያርፍበት የነበረው ቦታ ተልጧል።

"እንደገና እናስቀባት" አለ አባዬ። "ሰው ሊያያት ሲመጣ ታሳፍረናለች።"

"አባዬ፣ ይህን መስመር ያሰመረው የሜሪደን ሠራተኛ ነው። አንዴ ከፋቅነው ማን ይመልሰዋል?"

"ታዲያ ዝገቱም ታሪክ ነው ብለን እንተወው?"

መልስ አልነበረኝም። ዝገት ዝም ካሉት ብረቱን ይበላል። ለሳምንት ያህል ተኮራረፍን። አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ጋራዡ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። በአባዬ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "ለሕይወት የሚያሰጋው ይለወጥ። ሌላው ይቆይ።"

እንደዚያው አደረግን። ጎማዎቹ፣ የፍሬን ሸራውና ቱቦዎቹ በአዲስ ተለወጡ። ታንኩ ውስጥ የነበረው ዝገት ተጠርጎ ወጣ፤ ካልወጣ ካርቡሬተሩን ይደፍናል። የውጭው ቀለም ግን ታጥቦ፣ ሰም ተቀብቶ እንዳለ ቀረ።

ሞተሯ የምትነሣው በእግር ተረግጣ ነው። አባዬን ጉልበቱን ስለሚያመው የምረግጠው እኔ ነኝ። ሰባት ጊዜ ረገጥኩ፤ ዝም አለች። በስምንተኛው ዶቅ ዶቅ ዶቅ አለች። አባዬ ምንም አልተናገረም። እጁን ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ላይ አሳርፎ ቆመ።

በኦንታሪዮ 30 ዓመት የሞላው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ብዙም ያልተለወጠ ተሽከርካሪ የታሪካዊ ተሽከርካሪ ሰሌዳ ሊያገኝ ይችላል። ሰሌዳው ለትርዒትና ለሰልፍ እንጂ ለዕለት ጉዞ አይሆንም። ለእኛ ይበቃናል። በየዓመቱ ጁን ላይ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ወዳጆች ፓሪስ በምትባል የኦንታሪዮ ከተማ ይሰበሰባሉ። ዘንድሮ አባዬን አፈናጥጬ እሄዳለሁ። ማፈናጠጥ ሰውን ከኋላ አስቀምጦ መንዳት ነው። ልጅ ሳለሁ በብስክሌት የሚያፈናጥጠኝ እሱ ነበር።

እናንተስ? ቤታችሁ ውስጥ የቆየ ዕቃ አለ? የማን እንደነበረና እንዴት እንደሚሠራ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ክፍሎቹን አንድ በአንድ በአማርኛ እንዲጠሩላችሁም አድርጉ።