«ምትኬ» እና «ቅጥያ»፦ በሰርቨሮች መካከል ለሚካሄድ የፋይል ቅጂ ስያሜ

ፋይል ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ መልሶ ለማግኘት በሌላ ሰርቨር ለሚቀመጠው ቅጂ ተርጓሚዎቻችን ሁለት ቃላት ይጠቀማሉ፤ «መጠባበቂያ» እና «ምትኬ»። «መጠባበቂያ» ለእህልና ለገንዘብ የሚነገር ሆኖ፣ ሲወሰድለት የሚያልቅ ነገርን ያሳስባል፤ ቅጂ ግን ቢወስዱለት አያልቅም። «ምትኬ» «ተካ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። መጨረሻው «የእኔ» የሚል ስለሆነ (ልጅ ከሞተ በኋላ ለሚወለድ የሚወጣ ስም መሆኑን ያስታውሷል) ለሙያ ስያሜ «ምትክ» በቀና ነበር፤ ሆኖም በስልኮች የአማርኛ ገጽ ስለ ተለመደ እርሱን መያዝ ይሻላል።

ሙሉ ምትኬ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ አንዱን ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላውን በሚነሶታ ኮሌጅቪል አኑሯል። በዚሁ ስብስብ በቁጥር 1832 የተመዘገበው የደቡብ ወሎው የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል በ13ኛው መቶ ዓመት ተጽፎ፣ ከዚያ ወዲህ ልዩ ልዩ ማስታወሻዎች ተጨምረውበታል። ፊልሙ የሚይዘው ግን እስከ ተነሣበት ቀን ያለውን ብቻ ነው።

አስቸጋሪው ስያሜ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ካለፈው ቅጂ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ እየለየ ለሚወስደው ዓይነት። በመካነ ሰላም ያለ ሰርቨር እሑድ ሌሊት ፋይሎቹን በሙሉ፣ በሌሎቹ ሌሊቶች ግን የዕለቱን ለውጥ ብቻ፣ የሰው እጅ ሳይገባበት ወደ ደሴ ይልካል እንበል። መስመሩ ደካማ ቢሆንም ሥራው ሳይነጋ ያልቃል። ሐሙስ ቀን ዋናው ቢበላሽ ታዲያ የእሑዱ፣ የሰኞው፣ የማክሰኞውና የረቡዑ በቅደም ተከተል ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ከጎደለ ከእርሱ በኋላ ያለው አይታመንም።

ይህን አንዳንዶች «ጭማሪ ምትኬ» ይሉታል። አንባቢው ግን «ተጨማሪ ቅጂ» ብሎ ይረዳዋል፤ ቦታ ሲጠበውም «ሌሎች አሉኝ» በማለት የእሑዱን ይሰርዛል፤ ያን ጊዜ የቀሩት ሁሉ ከንቱ ይሆናሉ። በተጨማሪም የሚመዘገበው የታከለው ብቻ ሳይሆን የታረመውና የተሰረዘውም ነው። «የልዩነት ምትኬ» ደግሞ ዘወትር ከመጨረሻው ሙሉ ቅጂ ጋር ተነጻጽሮ ለሚወሰደው ዓይነት ቢቀር መልካም ነው፤ በዚያኛው ለመመለስ ሙሉውና የመጨረሻው ይበቃሉ።

ስለዚህ «ቅጥያ ምትኬ» የሚለውን አቀርባለሁ። በሰዋስው ቅጥያ ብቻውን እንደማይቆም ሁሉ ይህም ከበፊቱ ተነጥሎ አይቆምም። ቃሉ በፋይል ስም መጨረሻ ላይ ለሚገቡት ፊደላትም መዋሉ አይካድም፤ «ምትኬ» ሲከተለው ግን የሚያደናግር አይመስለኝም።