ፎቁ ባዶ፣ ኪራዩ ሰማይ

ከሰሜን ማዘጋጃ ወደ አዲሱ ገበያ ስትወጡ ቀና ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ግራውንዱ ሱቅ፣ አንደኛው ፎቅ ባንክ፣ ሁለተኛው ካፌ ወይ ክሊኒክ። ከዚያ በላይ ያለው መስታወት ላይ «የሚከራይ ቢሮ» የሚል ባነር ተለጥፏል። ፀሐይና ዝናብ ቀለሙን የጨረሰው ባነርም አለ።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ለሥራችን 15 ካሬ የምትሆን ክፍል ፍለጋ ጉለሌን ስንዞር ሰንብተናል። ጠረጴዛ፣ መብራትና ኢንተርኔት ካለ ይበቃናል። መልሱ ግን በየሕንፃው አንድ ነው፦ «ሙሉ ፎቁን ከወሰዳችሁ እንነጋገር፤ የስድስት ወር ቅድሚያ።» ደላላውን «ባዶውን ከሚቀመጥ ለምን አይቀንሱልንም?» አልኩት። «ባለቤቱ አይቸኩልም» አለኝ።

ዩኒቨርሲቲ እያለን መጀመሪያ የተማርነው አቅርቦት ሲበዛ ዋጋ እንደሚወርድ ነው። እዚህስ ለምን አይወርድም? መልሱ ያለው «አይቸኩልም» የምትለው ቃል ውስጥ ነው።

አንደኛ፣ ብዙ ሕንፃ የሚሠራው ተከራይ ታስቦ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ገንዘብ ያለው ሰው ብሩ ባንክ ተቀምጦ ከሚቀልጥበት ብረትና ሲሚንቶ ላይ ቢያፈሰው ይመርጣል። ሕንፃው ቢሮ ከመሆኑ በፊት ቁጠባ ነው፤ ለብድርም ማስያዣ ይሆናል። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅም መሬት የወሰደ ሰው በተወሰነ ጊዜ ግንባታ እንዲጀምርና እንዲጨርስ ያስገድዳል። ገበያው ፈለገም አልፈለገ፣ ፎቁ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ ትልልቆቹ ተከራዮች የራሳቸውን ሠሩ። ንግድ ባንክ በየካቲት 2014 ዓ.ም. 209 ሜትር የሚረዝመውን ዋና መሥሪያ ቤቱን አስመረቀ። ዳሽን፣ ንብና ሌሎችም ሰንጋ ተራ አካባቢ ገንብተዋል። ባንክ ወደ ራሱ ቤት ሲገባ፣ በኪራይ ይዞት የነበረው ፎቅ ገበያው ላይ ይጨመራል።

ሦስተኛው ግን ዋናው ነው፦ ያለውና የሚፈለገው አይገናኝም። ጉለሌ ሰንጋ ተራ አይደለችም። እዚህ ቢሮ የሚፈልገው የሒሳብ ባለሙያው፣ ዲዛይነሩ፣ የሽሮ ሜዳን የሐበሻ ልብስ በቴሌግራም የሚሸጠው ወጣት ነው። ሙሉ ፎቅ ምን ያደርግለታል? ባለቤቱ ደግሞ ፎቁን መከፋፈል ወጪና ጣጣ ይሆንበታል። ለአንዱ ከቀነሰ ነባሮቹም «ለእኛስ?» ይሉታል። ስለዚህ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

መጠበቅ እስካሁን ርካሽ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. ፓርላማው ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ይህን ሊቀይረው ይችላል። የኪራይ ገቢ ግብር የሚከፈለው ተከራይ ሲኖር ነው፤ የንብረት ታክስ ግን በንብረቱ ግምት ላይ ይሰላል። በትክክል ከተተገበረ ባዶ ፎቅ ይዞ መቀመጥ ዋጋ ያስከፍላል። ያኔ ለ15 ካሬ ፈላጊም በር ይከፈት ይሆናል።

እስከዚያው እኛ የጀመርነው ከሌሎች ጀማሪዎች ጋር ተደራጅቶ አንድ ፎቅ መካፈል ነው። እናንተም ከሞከራችሁት፣ ሊፍቱ፣ ጀነሬተሩና ውኃው በማን ወጪ እንደሚሠራ ውሉ ላይ አስጽፉ። አምስተኛ ፎቅ በደረጃ መውጣት ከጀመራችሁ በኋላ መደራደር ይከብዳል።