እግር ኳስና የተበዳይ ጩኸት ምን አገናኛቸው?

ቢስሚላሂ አርረሕማኒ አርረሒም

የዛሬው ዝግጅታችን መነሻ ከመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ አካባቢ አንዲት እናት የላኩልን ጥያቄ ነው። እንዲህ ይላሉ፦ «ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ዲ ኤስ ቲቪ ቤት ይገባል። እሱ የሊቨርፑል፣ የጎረቤታችን ልጅ የማንቸስተር ደጋፊ ናቸው። በአንድ ግቢ ያደጉ ልጆች በሰው አገር ቡድን ተጣልተው ይኸው ሦስት ሳምንት አይነጋገሩም። አሁን ደግሞ ‹ደጋፊዎች ለፍልስጤም ባንዲራ አውጥተው ተቀጡ› እያለ ያወራኛል። ኳስና ፍትሕ ምን አገናኛቸው? ልከልክለው ወይስ ልተወው?»

ጥያቄው የመርሐቤቴ ብቻ አይደለም። መንዝ መሐል ሜዳም ሂዱ፣ ግሼ ራቤልም ሂዱ፣ በዚያ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣቦ የእንግሊዝን ኳስ የሚያይ ወጣት አይጠፋም። ሶላት የሚያልፍበት፣ ገንዘብ የሚባክንበት መሆኑን አንክድም። የውርርድ ቤቶቹማ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ዛሬ አንገባበትም።

መልሱን ለመፈለግ መጀመሪያውኑ እንግሊዝ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ አዲስ አበባ፣ አራዳ ውስጥ በ1928 ዓ.ም. ተመሠረተ። ወዲያው የጣሊያን ወራሪ ገባ። ወራሪው ሰውን በቆዳ ቀለሙ ለይቶ የሚገዛ ስለነበር ስፖርቱንም ለየው፤ ለአገሬው ሰው የተለየ የስፖርት ጽሕፈት ቤት አቆመ፣ የክለቡንም ስም ነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አለው። (ስሙን ሰምታችሁ «ይህ የክርስቲያኖች ክለብ አይደለም ወይ?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ከደጋፊው መካከል ስንትና ስንት ሙስሊም እንዳለ፣ ሳላዲን ሰኢድም በዚሁ ማልያ ግብ ሲያገባ እንደነበር አስታውሱ። የአዲስ አበባ ስታዲየምስ ቢሆን የዒድ መስገጃችን አይደል?)

በዚያ ክለብ ከ20 ዓመት በላይ የተጫወቱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ጅማ ላይ በ1914 ዓ.ም. የተወለዱ ናቸው። ሰውን በቀለሙ መለየት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ ሳይሆን በልጅነታቸው፣ በገዛ አገራቸው ሜዳ ላይ አይተውታል።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። ከመሥራቾቹ አንዱ አቶ ይድነቃቸው ናቸው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ተዘጋጀ። ዕጣው ኢትዮጵያን ከማን ጋር አገናኘ? ከደቡብ አፍሪካ ጋር። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ግን ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አናመጣም አሉ። ሦስቱ አገሮች አልተቀበሏቸውም፤ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ልብ በሉ፣ ከሦስቱ አገሮች ሁለቱ ሙስሊም የሚበዛባቸው፣ አንዷ ክርስቲያን ንጉሥ የሚገዛት ነበሩ። የተበደለውም የአንዳቸውም ዜጋ አልነበረም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሲራ የተማረ ሁሉ ሒልፉል ፉዱልን ያውቃል። ከየመን የመጣ አንድ ነጋዴ መካ ላይ ዕቃውን ሸጦ ገንዘቡን በተከለከለ ጊዜ፣ ከቁረይሽ ጎሣዎች የተወሰኑት በአብዱሏህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ የተበደለው ከየትም ይምጣ ሐቁን ሊያስመልሱለት ተማማሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይነት ሳይሰጣቸው በፊት በዚያ ቃል ኪዳን ተገኝተዋል፤ ኢስላም ከመጣ በኋላም ወደ መሰሉ ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። ነጋዴው ለመካ ሰዎች ባዕድ ነበር።

ወደ ኳሱ እንመለስ። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን እ.ኤ.አ. በ1961 አገደ። የጊዜው ፕሬዚዳንት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ኳስና ፖለቲካ አይቀላቀሉ ባይ ነበሩና በ1963 እገዳው ተነሣ። አፍሪካውያኑ በ1964 ቶኪዮ ላይ መልሰው አሳገዱ። አቶ ይድነቃቸው ከ1972 ጀምሮ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሲሆኑም ጉዳዩን አልተዉትም። በ1974 ራውስ በምርጫ ሲወድቁ የአፍሪካ ድምፅ ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ በ1976 ደቡብ አፍሪካ ጭራሽ ከፊፋ ተባረረች። የተመለሰችው በ1992 ነው። አቶ ይድነቃቸው ይህን ሳያዩ በ1987 አረፉ።

ኳስና ፖለቲካ አይቀላቀሉ የሚለው ንግግር ዛሬም ይሰማል። ለሰሚው መልካም ይመስላል። ሲመረመር ግን ቀድሞ የቀላቀለው በዳዩ ነው፤ ጥቁሩን ልጅ ከሜዳ ያስወጣው ተበዳዩ አልነበረም።

ነገሩ በነጻ የተገኘም አይደለም። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ በ1976 አፍሪካውያን የሞንትሪያልን ኦሊምፒክ ሲተዉ ኢትዮጵያም ተወች፤ ምሩፅ ይፍጠር በጉልበቱ ዘመን ሳይሮጥ ቀረ። ከዚያ ቀደም በ1958፣ ረሺድ መኽሉፊንና ሙስጠፋ ዚቱኒን የመሰሉ አልጄሪያውያን ኳስ ተጫዋቾች ለፈረንሳይ በዓለም ዋንጫ ሊሰለፉ ሲታሰቡ፣ ክለባቸውንና ደመወዛቸውን ጥለው ተሰወሩና ለነጻነት ትግሉ የሚጫወት ቡድን አቋቋሙ። ፊፋ አላወቃቸውም፤ እነሱ ግን ነጻነት እስኪመጣ በየአገሩ እየዞሩ ተጫወቱ።

እስካሁን ያየነው ተጫዋቾችንና መሪዎችን ነው። ተመልካቹስ? የእናታችን ልጅ የሰማው የባንዲራ ነገር እውነት ነው። የስኮትላንዱ ሴልቲክ ከረሃብ ሸሽተው ግላስጎው የገቡ የአየርላንድ ድሆችን ልጆች ለመመገብ በ1887 የተቋቋመ ክለብ ነው። በነሐሴ 2016 ከአንድ የእስራኤል ክለብ ጋር ሲጫወት ደጋፊዎቹ የፍልስጤምን ባንዲራ አውለበለቡ። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ክለቡን ከ10,000 ፓውንድ ያነሰ ቅጣት ቀጣው። ደጋፊዎቹ የቅጣቱን ያህል ለፍልስጤም እናዋጣ ብለው ተነሡ፤ የተሰበሰበው ከ170,000 ፓውንድ በላይ ሆነ። ገንዘቡ ለፍልስጤማውያን ሕክምናና በቤተልሔም ዓይዳ የስደተኞች ሠፈር ላለ የልጆች ማዕከል ሄደ። ባንዲራ ማውለብለብ ቀላል ነው፤ እኔን የገረመኝ ከኪሳቸው ማውጣታቸው ነው።

አሁን የልጅዎን ቡድን እንመልከት። የሊቨርፑልን ማልያ ገልብጠው ከኋላ አንገቱ ሥር ቢያዩ 97 የሚል ቁጥር ያገኛሉ። የሟቾች ቁጥር ነው። በሚያዝያ 15 ቀን 1989 ሼፊልድ ከተማ፣ ሒልስቦሮ በተባለ ስታዲየም ፖሊስ ሕዝቡን በአግባቡ ባለመምራቱ ደጋፊዎች በአጥር ታፍነው ተረጋግጠው ሞቱ። ፖሊስ ጥፋቱን በሟቾቹ ላይ አላከከ፤ ሰክረው ነው ተባለ። ዘ ሰን የተባለው ጋዜጣ ደጋፊዎቹ የሟቾችን ኪስ ፈተሹ ብሎ ጻፈ። ልጁን ቀብሮ የተመለሰ ወላጅ ይህን አነበበ!

ቤተሰቦቹና ደጋፊዎቹ ዝም አላሉም። ያንን ጋዜጣ ሊቨርፑል ከተማ ውስጥ የሚገዛው ጠፋ፤ እስከ ዛሬም ብዙ ሱቅ አይሸጠውም። በየጨዋታው «ፍትሕ» ብለው ጮሁ። በ2012 የወጣው የገለልተኛ አጣሪዎች ሪፖርት ከ160 በላይ የፖሊስ ቃሎች ተለውጠው እንደነበር አጋለጠ። በ2016 የሟቾች ምርመራ ሸንጎ ሟቾቹ ሕግ በጣሰ ድርጊት እንደተገደሉና ደጋፊዎቹ ጥፋት እንደሌለባቸው ወሰነ። 27 ዓመት ፈጀ። የጊዜው የፖሊስ አዛዥ ግን በ2019 በፍርድ ቤት ነጻ ወጣ፤ ስለዚህ ቤተሰቦቹ ሙሉ ፍትሕ አገኘን አይሉም።

የኛስ ደጋፊ? በኅዳር 2010 ዓ.ም. የወልድያና የመቐለ ቡድኖች ወልድያ ላይ ሊጫወቱ በነበረበት ቀን ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ጨዋታውም ሳይደረግ ቀረ። ያው ኳስ ነው፣ ያው ጩኸት ነው።

ሊቨርፑል ውስጥ ሌላ ክለብ አለ፤ ኤቨርተን። የሰፈር ባላንጣ ናቸው። ያ ሪፖርት በወጣ ሰሞን ኤቨርተን በሜዳው ሲጫወት ሁለት ሕፃናት፣ አንዱ የኤቨርተን አንዱ የሊቨርፑል ማልያ ለብሰው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳ ገቡ። በማልያቸው ላይ ያለው 9 እና 6 ሲገጠም የያኔው የሟቾች ቁጥር፣ 96 ነበር። ስታዲየሙ ሙሉ ቆሞ አጨበጨበ።

እናታችን፣ ልጅዎን ከመከልከልዎ በፊት ይህን ሥዕል ይንገሩት። ቅዳሜ ከመውጣቱ በፊት መጀመሪያ ወደ ጎረቤት ቤት ይሂድና ይታረቅ፤ ዒሻውን በጊዜው ሰግዶ፣ ሁለቱም አብረው ይመልከቱ። የጎረቤትዎ ልጅ እምቢ ካለ ደግሞ እርስዎ ከእናቱ ጋር ቡና ሲጠጡ ነገሩን ያንሡላቸው።